ቀላል ጓዝ፣ ከባድ እንግዳ

ሰሞኑን አንድ የጉዞ ዕቅድ አንብቤ አስተያየት እንድሰጥበት ተላከልኝ። ላኪዎቹ ሦስት የአዲስ አበባ ተማሪዎች ናቸው። አገሩ ረግቶ መንገዱ በሰላም ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ክረምት፣ ከጎንደር ተነሥተው በብስክሌት አክሱም ሊገቡ አስበዋል። ዕቅዱ አሥራ አንድ ገጽ ነው። የጎማው ስፋት፣ የማርሹ ጥርስ ብዛት፣ የዝናብ ልብሱ ዓይነት፣ የመኝታ ከረጢቱ ክብደት በግራም ሳይቀር ተጽፏል። ክብደት ለመቀነስ ሲባል የጥርስ ብሩሽን እጀታ ከግማሹ ስለ መቁረጥ የሚያትት አንድ አንቀጽም አለው። ፈገግ ብዬ አለፍሁት። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ፈገግታዬ ጠፋ። «ሦስተኛ ሌሊት፣ ድብ ባሕር» ከሚለው ርእስ ሥር የሰፈረው ቃል እንዲህ የሚል ብቻ ነበር፦ «ማደሪያና ራት አያሳስብም፤ ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው።»

ይህን ጽሑፍ ያስነሣችው ያች አንዲት መስመር ናት። ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም፤ መስመሯን ያስተማርናቸው እኛ ነን። በመማሪያ መጽሐፍ፣ በዘፈን፣ በቱሪዝም ማስታወቂያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እኛ ጸሐፊ ነን ባዮች በምናሳምራት ወግ ደጋግመን ያስተማርናት ናት። ስለዚህ ሙግቴ ከመስመሯ ጋር፣ ከመስመሯም አልፎ ከራሴ ጋር ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ብስክሌትን ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። «ብስክሌት የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚለውን ሰው፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጎን ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች እንደነበሩ አስታውሰዋለሁ። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ወጣት አገሩን በሁለት ጎማ ቢያይ፣ ላቡን አፍስሶ ዳገቱን ቢያውቀው፣ ደስታዬ ነው። የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዳገቱን እናንተ ትወጡታላችሁ፣ ራታችሁን ማን ይወጣዋል?

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደጋ ለደጋ ይሄዳል። ደባርቅ ከ2800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ከደባርቅ ወዲያ ደጋው በድንገት ያልቅና ሊማሊሞ የሚባለው ገደል ይጀምራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገደሉን እየፈለጠ ያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ መንገደኛውን ከውርጭ አገር ወደ ቆላ ያወርደዋል። ከገደሉ ግርጌ ድብ ባሕር አለች። ከዚያ ዛሪማ፣ አዲ አርቃይ፣ ማይ ፀብሪ፣ ተከዜ፣ ሽሬ እንዳ ሥላሴ፣ በመጨረሻም አክሱም ይመጣል። ጠቅላላው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በክረምት ይህ መንገድ ሌላ ፍጥረት ነው። ሊማሊሞ ጉም ሲለብስ ከፊት ያለው መታጠፊያ አይታይም። ዝናብ የመታው ቸርኬ ፍሬን አይዝም፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬንም ይግላል። ጭቃው በጎማውና በብስክሌቱ አጥንት መካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና መሽከርከሪያውን ያስረዋል፤ ያን ጊዜ ጋላቢው ወርዶ በእንጨት ይጎረጉራል፣ አሥር ሜትር ሄዶ እንደገና ይጎረጉራል። ድንጋይ ከላይ ይወርዳል፤ መንገድ ይዘጋል። በጠራ ቀን የአንድ ሰዓት ቁልቁለት የሚመስለው በክረምት ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ልጆቹ ይህን ሁሉ አስበውበታል፤ መለዋወጫ ፍሬን ይዘዋል፣ የካቴና ቅባት ይዘዋል፣ ጎሚስታ በሌለበት ጎማ የሚለጥፉበት ማስቲሽ ይዘዋል። ስለ ብረቱ ያልተጨነቁበት ነገር የለም።

ታዲያ ለምን በክረምት? መልሳቸው ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፣ አገሩም የሚለመልመው በክረምት ነው። በዚያ ላይ ያነበቧቸው የባሕር ማዶ ብስክሌተኞች የሚኩራሩበት ትልቁ ጀብድ «የክረምት ጉዞ» ነው። እዚህ ላይ አንድ ቃል አሳስቷቸዋል። የእነዚያ «ክረምት» በረዶ የሚጋገርበት፣ ወንዝ የሚረጋበት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጸውና በጋ። የእኛ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው፣ የዝናብ፣ የጎርፍና የዘር ወራት ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱን በአንድ ቃል አስተሳስሮ አስተማረንና የማይገናኙ ነገሮች የተገናኙ መሰሉን።

ቋንቋችን ግን ልዩነቱን ያውቃል። «ከረመ» የሚለው ግስ ከክረምት ጋር አንድ ሥር ነው፤ መክረም ማለት በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ዝናቡን ማሳለፍ ነው። «እንዴት ከረማችሁ?» የምንለው ያን ክፉ ጊዜ ተሻግራችሁ በሕይወት አገኘኋችሁ ወይ ስንል ነው። ነገሥታቱ እንኳ በጋውን በድንኳን ሲዘዋወሩ ኖረው ዝናብ ሲገባ በአንድ ስፍራ ይከርሙ ነበር፤ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. (1636 እ.ኤ.አ.) ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ቤተ መንግሥት ማለት በአብዛኛው በጋ ድንኳን፣ ክረምት መክረሚያ ነበር። ነጋዴውም ቅፍለቱን የሚያንቀሳቅሰው በበጋ ነው። ጄምስ ብሩስ ሊማሊሞን የወጣው በ1770 እ.ኤ.አ. በየካቲት ነበር። እነዚህ ሰዎች ዝናብ የሚፈሩ ፈሪዎች አልነበሩም። ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ ማለቱ ብቻም አይደለም ያስቀመጣቸው፤ በክረምት የገበሬው ጎታ ወደ ታች እያለቀ የሚሄድበት ወራት መሆኑን ያውቁ ነበር።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

በዓለም ላይ ዛሬ የተስፋፋው የረጅም መንገድ የብስክሌት ጉዞ አንድ ሃይማኖት አለው፤ ቀላልነት። ጓዝህን ቀንስ፣ ግራም ቁጠር፣ ያልያዝኸው ነገር አያደክምህም ይላል። ትምህርቱ በራሱ ጥበብ አለው። ነገር ግን ጥያቄው «ያልያዝሁትን ማን ይይዝልኛል?» የሚለው ነው። ሱፐር ማርኬት በየሃያ ኪሎ ሜትሩ ባለበት አገር ያልተያዘውን ስንቅ የሚይዘው ሱቁ ነው፤ ብስክሌተኛው ከፍሎ ይወስዳል፣ ባለሱቁም ደስ ይለዋል። ሱቅ በሌለበት ደግሞ ሥርዓቱን ሠርተውለታል። በአላስካ የአይዲታሮድን የውሻ ጋሪ መንገድ ተከትለው በበረዶ ላይ 350 ማይል፣ የባሰባቸውም 1000 ማይል የሚጋልቡ ሰዎች አሉ። የዓለም ከባዱ የክረምት የብስክሌት ጉዞ የሚባለው ይህ ነው። ሩቁን መንገድ የሚሄዱት ስንቃቸውን በሳጥን አሽገው በየመንደሩ ወዳለው ፖስታ ቤት አስቀድመው ይልካሉ። ሕዝቡ ደግ ስላልሆነ አይደለም፤ ሩቅ መንደር ያለችው ምግብ ለመንደሩ ሰው የመጣች መሆኗን ስለሚያውቁ ነው። የእኛዎቹ ልጆች ከእነዚያ የጎማውን ስፋት ቀዱ፣ የከረጢቱን ስፌት ቀዱ፤ ሳጥኑን ግን አልቀዱትም። በሳጥኑ ምትክ «ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው» የሚል መስመር አስቀመጡ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። አየርላንዳዊቱ ጸሐፊ ደርቭላ መርፊ በጥር 1963 እ.ኤ.አ.፣ አውሮፓ በብርቱ ብርድ በተቀሰፈችበት ክረምት፣ ብቻዋን በብስክሌት ወደ ሕንድ ጉዞ የጀመረች ሴት ናት። ከእርሷ የበለጠ ብስክሌተኛ ከወዴት ይመጣል? ሆኖም በ1966 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ እኛ አገር ስትመጣ ብስክሌቷን አልያዘችም። ከሰሜን ተነሥታ በስሜን ተራሮችና በጎንደር በኩል አዲስ አበባ የገባችው ጭነት በተጫነች በቅሎ እየተከተለች ነው፤ የመጣችውም በበጋ ነው። እርሷም በሰው ቤት አድራለች፣ የሰው እንጀራ በልታለች፤ መልአክ ነበረች አልልም። ነገር ግን ያች ጭነት የተጫነች በቅሎ ከመንገደኛዋ ፊት ፊት ስትሄድ ሳስባት፣ አሥራ አንድ ገጹ ዕቅድ ውስጥ የጎደለው እንስሳ ይህ ነው እላለሁ።

አሁን ስለ ጎታው ልንገራችሁ። በዚህ አገር መኸር የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ገበሬው ካመረተው ላይ ዕዳውን ይከፍላል፣ የግብሩን ይሸጣል፣ ለዘር ያስቀምጣል፣ የቀረውን እየለካ ይበላል። ሰኔ ሲገባ ለዘር የተቀመጠው ወደ መሬት ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎታው ውስጥ የቀረው እህል እስከ እሸት የሚያደርሰው ወይም የማያደርሰው ነው። ከሰኔው ጾም የተረፈ እንደሆነ ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ ደግሞ ፍልሰታ ይመጣል፤ ወተቱና እንቁላሉ ከገበታ ይነሣል። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ወንዙ ደፍርሷል፣ ውኃ የሚቀዳው ከሩቅ ምንጭ ነው። በዚህ ወራት ነው እንግዲህ፣ ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲገፋ ውሎ የሁለት ሰው ያህል የሚበላ ጎልማሳ፣ ያውም ሦስት ሆኖ፣ ጓዙን አቅልሎ «ቤቶች!» የሚለው።

«ቤት የእግዜር ነው» ይባላል ወዲያው። እውነት ነው፤ በዚያ አገር እንዲህ ሳይባል አይቀርም። የሚለው አባወራው ነው። ይህን ብሎ መደብ ላይ ተቀምጦ ከእንግዳው ጋር የመንገዱን ወሬ ያወራል። እርጥቡን እንጨት እፍ የምትለው፣ ከጎታው ሥር እጇን አስገብታ የምትዳስሰው፣ በሌሊት ሊጡን የምታቦካው ግን ሌላ ሰው ናት። እንግዳ ተቀባይነታችን ብለን የምንኮራበት ነገር በስም የአባወራው፣ በዝና የአገሪቱ፣ በጉልበት ግን የእርሷ ነው። ስለ እንግዳ ተቀባይነት የጻፍነውን ሁሉ አገላብጡት፤ «ግቡ» ያለው ሰው አለ፣ የቀረበው ማዕድ አለ፣ በሁለቱ መካከል የነበረችው ሴት የለችም።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። እኔም ከዚያች ቤት በልቻለሁ።

በተማሪነቴ ዘመን፣ በሐምሌ ወር፣ ከጎንደር ወደ ሽሬ ስሄድ የተሳፈርሁበት መኪና በመከራ ሊማሊሞን ወርዶ ከድብ ባሕር አልፎ መሄድ አቃተው። ናዳ ከፊት ዘግቶታል ተባለ። ተሳፋሪው ተበታተነ። እኔም ስንቅ የሚባል ነገር አልያዝሁም ነበር፤ ለምን እይዛለሁ? ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው። ዝናቡ እየወረደብኝ አንድ ደጅ ቆምሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት «ግባ ልጄ፣ ምነው ዝናብ ላይ?» አሉኝ። ልብሴን ከእሳቱ አጠገብ አደረቁልኝ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበልኝ፤ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እየተባልሁ ጠግቤ በላሁ። ልጆች ነበሩ። ከበላሁ በኋላ እንደሚበሉ ገምቼ ነበር፤ ወዲያው እንቅልፍ ጣለኝ።

ጠዋት ስወጣ በጓሮ በኩል ድምፅ ሰማሁ። እኒያ እናት ከጎረቤታቸው ጋር ቆመው ነበር። ጎረቤቲቱ ቁና ይዛለች። «ትናንት ማታ የወሰድሽው ይኸው በዚህ ልክ ነው እንግዲህ፤ በታኅሣሥ በዚሁ ቁና ትመልሺዋለሽ» ትላቸዋለች። እሳቸውም አዎን ይላሉ። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ እንግዳው እንዳይሰማ። እንግዳው ግን ሰማ። ሰምቶ ምን አደረገ? «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ሌሊት ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ። ዝናቡን ጽፌአለሁ፣ እሳቱን ጽፌአለሁ፣ «ግባ ልጄ» የሚለውን ቃል ጽፌ አንባቢን አስለቅሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ቁናዋን አስቀርቻታለሁ። ወጉን ታበላሽብኝ ነበር። እንግዲህ ያች የዘጠነኛው ገጽ መስመር ከወዴት እንደመጣች ጠየቃችሁ እንደሆነ፣ ከእንዲህ ካለው ወግ ነው የመጣችው።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። በድሮው ዘመን ንጉሥ ወይም ራስ የላከው እንግዳ በደረሰበት መንደር ሁሉ ድርጎ ይታዘዝለት ነበር፤ እንጀራው፣ ዶሮው፣ በጉ፣ ማሩ ከአገሬው ይወጣል። እንግዳው በማስታወሻው «ሕዝቡ በብዙ ስጦታ ተቀበለኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ባላገሩ የሚለውን የጻፈለት የለም። ወታደሩም እንዲሁ በገበሬው ቤት ይመራ ነበር። መንገድ ዳር መኖር በረከት ሳይሆን ዕዳ የሆነበት ዘመን ነበር፤ መንደር ከዋናው መንገድ ሸሽቶ ከአምባ ላይ የሚሰፍርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከጎንደር ወደ ትግራይ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የጦርም የንግድም ዋና ጎዳና ነበር። በዚህ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው እንግዳ የሚለውን ቃል ከእኛ የተለየ ታሪክ አስይዞ ነው የሚሰማው። ብስክሌተኛው በደብዳቤና በማኅተም አይመጣም፤ ፈገግ ብሎ ነው የሚመጣው። ለጎታው ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው።

የቅርቡን ዘመን እንጨምርበት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከዚህ መንገድ ዘልቆ መጣ። ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የሸሸው ሕዝብ በብዙ ሺህ እየሆነ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ወጣ፤ በትምህርት ቤት የተጠለለው ተጠልሎ፣ ብዙውን ያስጠጋው የነዋሪው ቤት ነው። በዚያው ክረምት ማብቂያ በዳባት ወረዳ በጭና የሰላማዊ ሰዎች ደም ፈሰሰ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ብዙም ሳይቆይ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ድርቅ ገባ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ይህ ሁሉ ያለፈው በሰዎች ጎታ ላይ ነው። ተፈናቃይ ያስጠጋ ቤት፣ የታጠቀ ሰው የገባበት ቤት፣ ዝናብ የከዳው ቤት፣ ነገ ሰላም ሲሆን «ቤት የእግዜር ነው» ማለቱን አይተውም። ክፋቱም ይህ ነው፤ አይተውም! ደግነቱ ስላላለቀ እህሉም ያላለቀ ይመስለናል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ አውቃቸዋለሁ፤ እኔም ብዬአቸው አውቃለሁና።

የመጀመሪያው፣ «እንግዳ መቀበል ክብራችን ነው፤ አንተ በኪሎና በቁና ልትመትረው ነውን?» የሚለው ነው። እኔ ክብሩን አልመተርሁም። ክብሩ የተቀባዩ ነው፣ የተቀባዩም ሆኖ ይኑር። አስተናጋጁ «ስንት እንግዳ ይመጣብኛል» ብሎ ቢቆጥር ነውር ይሆንበታል። እንግዳው ግን ባይቆጥር ነውሩ የእርሱ ነው። የአንዱ አለመቁጠር ደግነት ሲሆን የሌላው አለመቁጠር ስግብግብነት ነው። እኛ ሁለቱን ደባልቀን አንድ ስም ሰጠናቸው።

ሁለተኛው፣ «ገንዘብ ከገባ ደግነቱ ይጠፋል፤ ቱሪስት የረገጠውን ቦታ አላየህምን? ሕፃናቱ ‹ብር ስጠኝ› እያሉ ድንጋይ ይወረውራሉ» የሚል ነው። ድንጋይ መወርወር ጥፋት ነው፤ አልሸፍነውም። ነገር ግን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካይሮ ኬፕታውን እየጋለበ በጎንደር በኩል ያልፍ የነበረውን ቡድን ተመልከቱ። ምግቡን፣ ወጥ ሠሪውንና ድንኳኑን በመኪና ይዞ ይሄዳል። «ይህማ ጉዞ አይደለም፣ ሽርሽር ነው» እያሉ የሚያፌዙበት ብዙ ናቸው፤ እኔም አፊዤ ነበር። ዛሬ ግን እላለሁ፦ ቢያንስ የማንንም ጎታ አልዳሰሰም። ከሚያፌዙት መካከል ስንቱ «ከሕዝቡ ጋር ኖርሁ» ሲል «ከሕዝቡ በላሁ» ማለቱ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የብስክሌተኞቹ ነው፤ «ስንቅ ከባድ ነው፤ ሊማሊሞን ጭነን አንችልም» ይላሉ። እሺ፣ እንመዝነው። ለአንድ ብርቱ ጋላቢ በቀን አንድ ኪሎ ደረቅ ስንቅ ይበቃዋል እንበል። ጎንደርና ደባርቅ፣ አዲ አርቃይና ማይ ፀብሪ፣ ሽሬና አክሱም ገበያ ያላቸው ከተሞች ናቸው፤ በየመካከላቸው ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ የሚፈጅ መንገድ፣ ጭቃውንም ጨምሮ፣ የለም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ መያዝ ያለበት ሦስት ኪሎ ነው። የጥርስ ብሩሽ እጀታ ያስቆረጠን ክርክር በሦስት ኪሎ ይፈታል ማለት ነው! ሊማሊሞን ደግሞ ከጎንደር ወደ አክሱም የሚሄድ ሰው ይወርደዋል እንጂ አይወጣውም።

ስንቁስ ምን ይሁን? ለዚህ የውጭ አገር ዱቄት በወርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ መምጣት አያስፈልገውም። በሶ አለ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፣ እንጨት አይጠይቅም። ቆሎ አለ፣ ዳቦ ቆሎ አለ፣ ድርቆሽ አለ። ጭኮ ቅቤ ያለበት ነውና ጾም ላልሆነ ቀን ይያዛል። አያቶቻችን «ስንቅና ትጥቅ» ብለው ሁለቱን አጣምረው የጠሩት በከንቱ አይደለም። ዘማቹ በአገልግልና በስልቻ፣ ነጋዴው በአህያ፣ የቆሎ ተማሪው እንኳ በአኩፋዳው የሚይዘውን ይዞ ነው ይዞር የነበረው። ስንቅ ሳይዙ መውጣት ነፃነት ነው የሚለው ትምህርት ከእኛ መንገድ የበቀለ አይደለም።

እንግዲህ ለሦስቱ ወጣቶች የምመክረው ይህ ነው። ዕቅዱን ከዘጠነኛው ገጽ ጀምራችሁ እንደገና ጻፉት። ከጎማውና ከማርሹ በፊት እያንዳንዱን ሌሊት ጻፉ፤ በየሌሊቱ አንጻርም «በዚህች ሌሊት ስለ እኛ የምትነቃ ማን ናት?» የሚል ጥያቄ አስቀምጡ። መልሱ «ማንም» እስኪሆን ድረስ ስንቅ ጨምሩ። አልቤርጎ ባለበት ከፍላችሁ እደሩ። በሌለበት አገሬውን አስፈቅዳችሁ ድንኳናችሁን ትከሉ፤ መሽቶ ሳይሆን ፀሐይ ሳለች ድረሱ፤ መሽቶ የደረሰ እንግዳ ምርጫ የማይሰጥ እንግዳ ነውና። «ግቡ» ትባላላችሁ፤ አይቀርም። ግቡ። እምቢ ብሎ ሰውን ማሳዘን አይገባም። ስትገቡ ግን የራሳችሁን በሶና ቆሎ ይዛችሁ ግቡ፤ ከማዕዱ ቅመሱ፣ ከእናንተም ይቀመስ። ጥሬ ቡና፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና በየከረጢታችሁ ይኑር። ስትሰጡም ለአባወራው በአደባባይ ሳይሆን ለእመቤቲቱ በእጇ ስጡ። ልጆቹ ሳይበሉ እናንተ አትጥገቡ። ስትመለሱም ከጻፋችሁ፣ እንደ እኔ ቁናዋን አታስቀሩ።

ከሁሉም ይልቅ ደግሞ፣ ቢቻላችሁ፣ ክረምቱን ተውትና በጥር ሂዱ። ትምህርት ቤት በመንፈቅ አጋማሽ ጥቂት ቀን ያርፋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የስሜን ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ እንግዲያው የመኝታ ከረጢታችሁ ያን ጊዜ ሥራ ያገኛል። አውድማው ተወቅቶ እህል ቤት ገብቷል። ያን ጊዜ «ቤት የእግዜር ነው» ያላችሁ ሰው ከጎረቤት ሳይበደር ሊለው ይችላል። በክረምት ግድ ነው ካላችሁም ሂዱ፤ መንገድ የማንም ርስት አይደለም። ሆኖም ሦስት ኪሎዋን ይዛችሁ ሂዱ።

እኔም ለእኒያ እናት ዕዳ አለብኝ። ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ያች ቁና በታኅሣሥ ተመልሳ እንደሆነም አላውቅም። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ዕዳውን ለመክፈል አይደለም፤ በጽሑፍ የሚከፈል ዕዳ አይደለምና። ቢያንስ በአራተኛው ጊዜ ቁናዋን ላስገባት ብዬ ነው።

ስንቅህን ሳትቋጥር የወጣህ መንገደኛ፣
ራትህ ጾም ሆኗል ለዚያ ቤት እረኛ።

ቸር ይግጠመን።